የአብዱልቃዲር ተራ

«አማካሪዋ አንቺ ነሽ?» አለች የሟቹ እህት ሙሚና፣ በሩን ሳትለቅ።

እየሩስ ጫማዋን አውልቃ ቆማለች። «አዎ። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«ግቢ ታዲያ። ወንድሜን የት እንዳደረሳችሁት እዪ።»

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቆሙ። አብዱልቃዲር ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ኡምኩልሱም ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ይህን አይቷል። እየሩስ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

ኡምኩልሱም ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችውን የእየሩስን ጠባብ የምክር ክፍል አስታወሰች። ወደዚያ ለምኖ የወሰዳት ባሏ ነበር። ጫት ተራ ያሉት ነጋዴዎች «አብዱልቃዲር ሚስቱን ይዞ የእብድ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳል» እያሉ ሲስቁበት እንኳ አልተወም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድያ ልጃቸው አክረም ጫት ጭኖ ከጭሮ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ ቦርደዴ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። «ፍጠን፣ ጫቱ ሳይጠወልግ ድረስ» ብሎ የላከው አባቱ ነው። ይህን አገር ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ኡምኩልሱም የባሏን ስም አልጠራችም። ምሳውን አስቀምጣለት ትወጣለች፤ ሲገባ ትወጣለች፤ ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» የሚለው ጠፋ።

እየሩስ መጀመሪያ ለየብቻ አነጋገረቻቸው፤ ቀጥላ አብረው አስቀመጠቻቸው። በአራተኛው ቀጠሮ «ሆድዎ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ይንገሯቸው» ስትላት፣ ኡምኩልሱም ወደ ባሏ ዞረች።

«ልጄን የገደልከው አንተ ነህ። አላህ በሱ ፈንታ አንተን ቢወስድህ ኖሮ፣ ዱዓዬ ደረሰ እል ነበር።»

አብዱልቃዲር ጉልበቱን አሻሸ። እየሩስ «የሚቀጥለው ሳምንት የእርስዎ ተራ ነው» አለችው። ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ጫት እያስጫነ ሳለ ወደቀ። አልተነሳም።

አሁን ኡምኩልሱም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለብቻው ያነጋገርሽው ጊዜ ምን አለሽ?»

«ለብቻ የተነገረኝን አላወጣም፣ እትዬ።»

«ሞቷል እኮ!»

«ቢሞቱም።» እየሩስ ዓይኗን ሰበረች። «ራሳቸው ይነግሩዎታል ብዬ ነበር። ቀን ያለን መስሎኝ።»

ብዙም ሳትቆይ ተነስታ ሄደች። ሙሚና ከበር መለስ ብላ እየሩስ በለቀቀችው ቦታ ተቀመጠችና ኡምኩልሱም ጆሮ ላይ ተደፋች።

«እሷ ካልነገረችሽ እኔ እነግርሻለሁ። ከዚያ ክፍል ወጥቶ እኔ ቤት መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ላንቺ እንዳልነግር አስምሎኛል። መሐላውን እኔ አፈርሳለሁ። አክረም ሲገለበጥ ስልክ እያወራ ነበር። ፖሊስ ስልኩን ለወንድሜ ሲሰጠው፣ መጨረሻ ላይ የደወለችው ‹አዮ› ናት። እናቱ። አንቺ።»

«ኔትወርክ ነው» አለች ኡምኩልሱም። «ኔትወርክ ነው የቆረጠብን።»

«ምን ልትይው ነበር የደወልሽው?»

«ሽንኩርት... ሲመለስ ሽንኩርት እንዲገዛልኝ።»

«ወንድሜ ሰዓቱን አየና ቁጥርሽን ከስልኩ ላይ አጠፋው። ሁለት ዓመት ገዳይ ተባለልሽ። በይ እንግዲህ ኑሪበት።»

ሙሚና ቀና አለች። ወዲያው ከበደሳ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ የሟቹ የአክስት ልጅ፣ ተደግፈው ገቡ። ከመቀመጣቸው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አይ አብዱልቃዲር! ደግ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ለጫት ቸኩሎ አንድ ልጁን በላ።» ወደ ኡምኩልሱም ዞሩ። «አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሚና ዓይኗን ከኡምኩልሱም ላይ አላነሳችም። ኡምኩልሱም አፏን ከፈተች፤ ‹የደወልኩት እኔ ነኝ› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ነው» አለች።

ከዚያ የሻርፏን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው።