አረፋው የቆመ ጊዜ

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አምስተኛውን የሞተ ዓሣ ከመስታወት ገንዳው በትንሿ መረብ አውጥቶ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ባልዲው ጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ወለል የሚወለውሉበት ነው።

«ይኸው ፊልምሽ» አለ፣ በሩ አጠገብ የቆመችውን ልጅ ዞር ብሎ ሳያይ። «አሁን እንደልብሽ አንሺያቸው። አይንቀሳቀሱብሽም።»

መጠበቂያ ክፍሉ ጥርሳቸውን ሊታከሙ በመጡ ሕፃናትና በእናቶቻቸው ተሞልቷል። ማንም አልሳቀም። አንዲት እናት የልጇን ዓይን በመዳፏ ሸፈነች።

እማማ ሰማያዊ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡ። በዚህ የልጆች ጥርስ ክሊኒክ ማጽዳት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ዓሦቹን የሚያበሉትም፣ ውሃቸውን የሚቀይሩትም እሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሌላ ሰው ሲነካቸው ግን ሆዳቸው አይችልም። በሩ አጠገብ የቆመችው ሚጣ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ናት። ጡት ከተወች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ ዛሬም መንገድ ስትሻገር ካላዩ አይተኙም።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። ዋናዋ ሐኪም፣ ሕፃናቱ ሕክምናው ወንበር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ልባቸው እንዲረጋ፣ በገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ተቀርጸው በመጠበቂያው ትልቅ ቴሌቪዥን እንዲታዩ ፈለገች። ሚጣ ውሃ በማያስገባ ሳጥን የታሸገች፣ በክር ተስባ የምትወጣ፣ ጡጫ የምታህል ካሜራ አለቻት። ከመስታወቱ ውጪ ሆኖ መቅረጽ ዋጋ የለውም አለች፤ የክፍሉ መብራት ያንጸባርቃል፣ ዓሦቹም ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ካሜራዋ አብራቸው ውሃ ውስጥ መቀመጥ አለባት፤ መጀመሪያ ይሸሿታል፣ ቆይተው ይለምዷታል፣ በመጨረሻ ራሳቸው መጥተው ያዩዋታል። ሐኪሟ ሐሳቡን ስለወደደችው ለሁለት ሌሎች ክሊኒኮችም ስሟን ነግራላት ነበር።

ያን ዕለት ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ሚጣ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ገንዳው ውስጥ አስገባች። እማማ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላሉም። አየር የሚሰጠው ሞተርና ውሃውን የሚያሞቀው ብረት በአንድ ሶኬት ነው የሚሠሩት፤ ኤሌክትሪክና ውሃ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ የልጅቱ ክንድ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር እማማ ሶኬቱን ነቀሉ፤ በወጣ ቁጥር ሰኩ። ሚጣ በሳቅ ፈርሳ፣ ኤሌክትሪኩ ውሃውን የሚነካ ቢሆን ዓሦቹ ሁሉ እስካሁን ተጠብሰው ነበር ስትላቸው፣ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ ብለው ተቆጧት።

እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ሶኬቱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተገኘ። ከአሥራ አንዱ ዓሦች አምስቱ ሞተዋል። ሕፃናቱ ሆዳሙ የሚሉት ትልቁ ብርቱካንማ ዓሣ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያዛጋል።

«አረፋ ሥዕል ያበላሻል» አለ አስተዳዳሪው፣ አሁን ለእናቶቹ እያስረዳ። «ስለዚህ ሞተሩን ነቀለችው፤ ነቅላ ረሳችው። የሰው ንብረት ምን ገዷት!»

«አብሬያት ነበርኩ» አሉ እማማ። «አንድም ሶኬት በእጇ አልነካችም። ይስሙኝ እንጂ!»

«ታዲያ ማን ነቀለው? ሆዳሙ ነው?»

እማማ ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ዓይናቸው በሩ ላይ በተቀመጠው ጥበቃ ላይ አረፈ። ስልኩን ሁልጊዜ እዚያ ሶኬት ላይ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። እሱ ይሆናል አሉ፣ ጮክ ብለው። ጥበቃው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ እረፍት ላይ እንደነበረ ተናገረ። የሰማው አልነበረም።

አስተዳዳሪው ስልኩን አወጣ። ለሁለቱ ክሊኒኮች ደውሎ ይህቺን ልጅ ደጃቸው እንዳያደርሷት እንደሚነግር አስታወቀ። ይህን ጊዜ ሚጣ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። ይቅርታ።»

እማማ ክንዷን ይዘው እየጎተቱ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቧትና በሩን በእግራቸው ዘጉት። መጥረጊያዎቹ መሐል ቆመው ቁጣቸው ገንፍሎ ወጣ። ባልሠራችው ነገር አንገቷን የምትደፋው ማን አሳድጓት ነው? እንዴት ነው ነገሩ? ካሜራው እኮ ውስጥ ነበር፤ ሁሉን አይቷል። ያንን አውጥታ የአስተዳዳሪውን አፍ አትዘጋውም?

«የተቀረጸው ጠፍቷል» አለች ሚጣ፤ የግራ ጆሮዋንም ነካች።

ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ስትዋሽ ያንን ጆሮዋን ትነካለች። እማማ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ልጅቱ በመጨረሻ ስልኳን ከፍታ ሰጠቻቸው።

መጀመሪያ ሆዳሙ መጣ፤ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው፣ ከንፈሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ወሬ የሚነግራቸው ይመስል ነበር። ከኋላው አረፋው እንደ ተበጠሰ ዶቃ ወደ ላይ ይፈሳል። ከመስታወቱ ማዶ፣ በውሃው ተጣሞ፣ ሰማያዊ ሽርጥ ይታያል። ከዚያ አንድ እጅ ዝቅ አለ። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለው። ገመዱን ያዘና ሳበው። አረፋው ሳሳ፤ ቆመ።

እማማ አውራ ጣታቸውን አዩ። ፕላስተሩ አሁንም አለ።

የሚጣ ክንድ ካሜራውን አስተካክሎ ወጣ። ታፍኖ፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል የእሳቸው ድምፅ ተሰማ፦ ብርድ ይመታሻል፣ ቆይ ፎጣ ላምጣ። ሽርጡ ሄደ። ሽርጡ ፎጣ ይዞ ተመለሰ፤ የልጅቱን ክንድ እየደጋገመ አሸው፣ ጠቀለለው። ያ እጅ ወደ ሶኬቱ ሳይመለስ ቀረ። ውሃው መስታወት ሆነ፤ ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ካሜራው መጡ። ከፊልሙ ሁሉ የሚያምረው ይህ ነበር።

«መቼ አየሽው?»

«ጠዋት፣ አውቶብስ ውስጥ። ስትደውይልኝ፣ እንዳልነካሁት ላሳየው ብዬ ከፈትኩት።» ሚጣ መጥረጊያ ታስተካክል ጀመር። «ቅዳሜም ውሃው ጸጥ ማለቱን አይቼ ነበር እማማ። ሥዕሉ ስላማረኝ አልጠየቅኩሽም። አንቺን ከሥራ ያስወጡሻል፤ እኔ ልጅ ነኝ፣ ሌላ አገኛለሁ።»

«ማን ለመነሽ?» እማማ እንዲህ ተቆጥተው አያውቁም፤ በልጅቱ ይሁን፣ በፎጣው ይሁን፣ በዚያ እጅ ይሁን ለራሳቸውም አልተለየላቸውም። «ስምሽን አስረክበሽ እኔን ልታስቀምጪ? ያንን ምስኪን ጥበቃም ሰው ፊት ጥፋተኛ እንዳደረግሁት ነው የቀረው!»

በሩን በርግደው ወጡ። አስተዳዳሪው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መስመር እየጠበቀ ነበር።

«ዝጋው» አሉት። «አንተ! ዝጋው አልኩህ።»

በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አንተ ብለውት አያውቁም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ቀና አሉ። አስተዳዳሪው ስልኩን ከጆሮው አወረደ፤ ለምን እንዳወረደው እሱም ያወቀ አይመስልም።

«እዚሁ፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሰደብካት» አሉት። «መልሱንም እዚሁ ታየዋለህ።» ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሩ። «አንተም ና ልጄ፣ ፊት ለፊት ቁም። ይቅርታዬ ይደርስሃል፤ መጀመሪያ እየው።»

ሚጣ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘች ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። ዓሦቹን ብቻ ላሳይ፣ የመሐሉን ልቁረጠው ስትል ለመነቻቸው።

«አንዲት ነገር አትቁረጪ» አሉ እማማ። «ከፎጣው በፊት ጀምሪው።»

ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፕላስተር ያለበትን እጃቸውን፣ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።