ለኩላሊት ውሃ

ባለቤቴ ንብረት የተኛው ልቡ ደክሞ ነው። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። የልብ በሽታ ከተባለ ጠያቂው ከበር ጀምሮ እያለቀሰ ይገባብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ኩላሊቱም መታመሙ እውነት ስለሆነ፣ ዋሸህ ብዬ ልሟገተው አልቻልኩም።

ዶክተር ያቤጽ፣ ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ ሐኪም፣ አስቀምጦ አስረድቶኛል።

«እትዬ ብዙወርቅ፣ ልቡ ደሙን በደንብ መግፋት ስላቃተው ውሃው እግሩና ሳንባው ላይ ይጠራቀማል። በሽንት እንዲወጣ መድኃኒት እንሰጠዋለን። መድኃኒቱን ስናበዛው ደግሞ ኩላሊቱ ይጎዳል። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ እንዳይጠጣ፤ ሻዩም ሾርባውም እዚያው ውስጥ ነው። ጨው ጭራሽ እንዳይቀምስ።»

የጂንካ ሰው ደግሞ ኩላሊት ሲባል ውሃ ጠጣ ከማለት ሌላ አያውቅም። ጠያቂው ሁሉ ውሃና ጭማቂ ታቅፎ ይመጣል። እኔ በር ላይ እቀበልና እደብቃለሁ። ክፉ ሴት፣ ባሏን በውሃ ጥም የምትገድል ተባልኩ። ይበሉኝ፣ እሱ ይተንፍስልኝ እንጂ።

አንድ ቀን መድኃኒት ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ ወዳጁ ዳርጌ እኛ ቤት ተቀምጧል። ንብረት ለማር ንግድ አልዱባ ገበያ ሲመላለስ ዕድሜውን ሙሉ ያረፈው እሱ ቤት ነው። አጠገባቸው ባዶ ቅል አለ።

«የቡና ገለባ አፍልቼ፣ ጨው አድርጌ አመጣሁ» አለኝ ዳርጌ ደስ ብሎት። «ኩላሊት ያጥባል። ሁሉንም ጠጥቶታል!»

ንብረትን አየሁት። ዓይኑን ሰብሮ በጆሮዬ ሹክ አለኝ።

«ከአልዱባ ድረስ ተሸክሞልኝ መጥቶ፣ እንዴት አልጠጣም ልበለው?»

ሁለቱንም ይዤ ብገርፋቸው ደስ ባለኝ። ጀምበር ሳትጠልቅ ትንፋሹ አጠረና ሆስፒታል ወሰድነው። መርፌውን ጨማምረው ሳንባውን አቀለሉለት። በማግስቱ ግን ሽንቱ እያነሰ ሄደ፤ ከዚያም ጭራሽ ቆመ።

«ደሙን የሚያጥበው ማሽን ያለው ሐዋሳ ነው» አለኝ ዶክተሩ። «መንገዱን አይችለውም። ቢደርስም ልቡ እጥበቱን አይሸከምም።»

«የጠጣው ነው የሚገድልብኝ?»

«እሱ ብቻ አይደለም። ልቡ ቀድሞም አልቆ ነበር።» እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ አላውቅም። «ከእንግዲህ አይከልክሉት። የፈለገውን ይጠጣ።»

ውሃ በኩባያ ይዤ ስመለስ ዳርጌ ክፍሉ በር ላይ ቁጭ ብሏል። ወደ አልዱባ አልተመለሰም።

«ያን ቀን ያመጣሁት አነሰው እንዴ?» አለኝ።

ሁሉንም ልዘረግፍለት አፌን ከፈትኩ። ንብረት ከአልጋው ላይ አየኝና «ተይ» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ኩባያውን ለዳርጌ ሰጠሁት።

«ግባና አጠጣው። ሐኪሙ ፈቅዷል።»

የዳርጌ ፊት በደስታ በራ።

«እንግዲያ ተሽሎታል!» አለና እየተጣደፈ ገባ።