አስቤዛው ከነጉድለቱ

እማዬ፣ የወሩን ገዝተን ስናበቃ ማታ ስንጸልይ ለምንድነው የዛሬን ብቻ የምንለምነው፣ አለችኝ ስድስት ዓመት ሳይሞላት፣ ጋሪው ውስጥ እግሯን አጣጥፋ የስኳሩ ከረጢት ላይ ተቀምጣ፣ እኔም ዝም ብለሽ ጸልዪ አልኳት፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከየት መልስ ታምጣ፣ ይኸው አሁን አሥራ ሁለት ሞላት፣ ጋሪውን የምትገፋው እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ የወተቱ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ጥያቄዋን እንደ አዲስ እሰማዋለሁ፣ እሷ ረስታዋለች፣ ልጅ ይጠይቅና ይረሳል፣ ተሸክማው የምትዞረው እናት ናት።

አራት ጣሳ። ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ይላል፣ በአባቷ በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ የዱቄት ወተት ትልቁ፣ አራት፣ አንዱ ጣሳ ለአንድ ሳምንት ነው፣ አራቱ ለወር፣ ጉሮሮው ሌላ ነገር አልቀበልም ካለ ሦስተኛ ወሩን ያዘ፣ በዚህች ወተት ነው ያለው፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ አንዱን ጋሪው ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ሁለተኛውን አስቀምጣለሁ፣ ሦስተኛው ላይ እጄ ይቆማል።

መድኃኒቱን የሁለት ሳምንት ነው የጻፍኩልዎት፣ አለኝ ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት፣ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፋ፣ ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም፣ ሁልጊዜ የወር አልነበር እንዴ ዶክተር አልኩት፣ አዎ አለ፣ ለአሁኑ የሁለት ሳምንቱ ይበቃል እናቴ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ እናየዋለን፣ ይህን ሲል የሚያየው ጫማዬን ነበር። ይበቃል። አልተቀየምኩትም፣ እንዴት ብሎ ይናገረው፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ መድኃኒቱን አሳጥሮ ነገረኝ፣ እኔም ገባኝ፣ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለባሌም ለልጄም፣ ለአምላኬ ብቻ ነገርኩት፣ እሱ ደግሞ ከሐኪሙም ቀድሞ ያውቃል።

በወር አንዴ መግዛት የባሌ ሕግ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቤቱን በወር አንዴ የሚያይ ሰው፣ ሳይታመም በፊት ሲመጣ ገና የመንገዱ አቧራ ከቅንድቡ ሳይራገፍ በይ ተነሺ ንብረት ክፍል፣ መኪናው ቆሟል፣ ይለኝ ነበር፣ ንብረት ክፍል የሚለው እኔን ነው፣ ልጅቷን ደግሞ ረዳት፣ እሱን ጓደኞቹ ፍሬን ይሉታል፣ በሕይወቱ ለማንም ብሎ ፈጥኖ ስለማያውቅ፣ ሱቅ የለመደ እግር ባዶ እጁን አይመለስም ይላል፣ እግር ደግሞ መቼ ነው እጅ ያወጣው እለዋለሁ፣ በየቀኑ የሚገዛ ሰው ኪሱንም ቀኑንም ነው የሚያስበላው ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ልብስ ንጽሕና ቤት ከካውያው ጋር ቆሜ ውዬ ስገባ ሱቅ ለሱቅ የምዞርበት ጉልበት ከየት አመጣለሁ፣ በወር አንድ እሑድ፣ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ከዚያ ሠላሳ ቀን ዝም። አንድም ቀን ወሩ የማን እንደሆነ አስቤ አላውቅም፣ የእኛ ይመስለኝ ነበር፣ ከፍለንበት የለ።

ሦስተኛው ጣሳ ይቀዘቅዛል፣ ክዳኑ ላይ አቧራ አለ፣ በጣቴ እጠርገዋለሁ፣ አምላኬ፣ አራት ባነሳ አንተን ማመኔ ነው ወይስ አንተን መፈታተኔ፣ ሁለት ባነሳ ብልሃት ነው ወይስ ከአሁኑ መቅበር፣ ሴት በሕይወት ያለ ባሏን በጣሳ ትቀብራለች ወይ፣ ደግሞስ አራት አንስቼ ሁለቱ ሳይከፈቱ ቢቀሩ፣ ያ ያልተቀደደ ክዳን ሁልጊዜ ከምናስቀምጥበት ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ሲያየኝ፣ ለማን እሰጠዋለሁ፣ እኔ ልጠጣው?

ጫማዋ። የልጄ ጫማ አፉን ከከፈተ ሁለት ወሩ ነው፣ በማስቲሽ አጣበቅኩት፣ ዝናብ መታው፣ መልሶ ከፈተ፣ አንድም ቀን ግዢልኝ ብላኝ አታውቅም፣ ሰው ሲመጣ እግሯን ወንበር ሥር ትደብቃለች እንጂ። የሁለት ጣሳ ዋጋ አንድ የትምህርት ቤት ጫማ፣ ልክ በልክ። ሰይጣን ሒሳብ ይችላል።

ውይ አንቺ፣ የት ጠፋሽ፣ ይላል ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናት፣ ባሌ ራዲዮ ነው የሚላት፣ ባትሪዋ አያልቅም ይላል፣ ሰውዬሽ እንዴት ሆነ፣ ተመስገን ደህና ነው፣ እሰይ፣ አንቺ ግን ከስተሻል፣ ዛሬም የወሩን ነው የምትገዢው፣ ታድለሽ፣ እኔ የወር ብገዛ ያ የእኔው በሳምንቱ ድምጥማጡን ያጠፋዋል፣ እሱ እኮ ሆድ የለውም፣ ቀዳዳ ጆንያ ነው፣ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፣ እየሳቀች ዓይኗ ግን ጋሪዬ ውስጥ ነው፣ ከስኳሩ ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ እጄ ላይ ወዳለው፣ አሁንም በእሷው ብቻ ነው ያለው አይደል፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ዝቅ እንደሚያደርገው።

ሦስተኛውን ጣሳ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፣ እስቲ ልሂድ መሸብኝ እላታለሁ፣ ገና ረፋድ ነው። ከራዲዮ ለመሸሽ ነው እንጂ፣ ለራሴ እላለሁ ጋሪውን በአንድ በኩል ይዤ እየገፋሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ዞሬ እመለስና ሁለቱን አነሳለሁ። ውሸት። ራዲዮ ባትመጣም እመልሰው ነበር፣ እጄ ከእኔ ቀድሞ ወስኗል።

እማዬ ወተቱ አራት አይደል? ይበቃል፣ እላታለሁ። ይበቃል። የሐኪሙ ቃል በእኔ አፍ።

ልጄ ጋሪውን ትገፋለች፣ አንደኛው እግሩ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ጫማዎቹ ተደርድረዋል፣ ጥቁር፣ ማሰሪያ ያለው፣ ለኪው እስቲ እላታለሁ፣ ትደነግጣለች፣ ዝርዝሩ ላይ አለ እንዴ ትለኛለች፣ ለኪው አልኩሽ እኮ፣ ጎንበስ ብላ ያንን የተከፈተውን ስታወልቅ ካልሲዋ እርጥብ ነው። እርጥብ። እና ምን አጠፋሁ፣ ምን በደልኩ፣ የልጄ እግር ደረቀ፣ እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ፣ ራሴም ይሰማኛል፣ አያምነኝም እንጂ።

አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ ማራገፉን። ደረጃውን እየወጣሁ ነው የሚታወሰኝ፣ ዘይቱ አንድ እጄን ገንጥሎ ሊጥል ሲደርስ፣ ይህ ሰው ሁሉንም አልጋው ላይ ካልደረደርንለት፣ እስክሪብቶውን ይዞ እንደ ጭነት አንድ በአንድ ካልተረከበ አይተኛም፣ በወር ውስጥ የቀረችው ደስታው እሷ ናት፣ ደግሞ እንደፈራሁት ጠዋት ካስደገፍኩት ትራስ ላይ ተነስቶ፣ ጸጉሩን በውሃ አርሶ፣ ዝርዝሩን ስጡኝ ብሎ ይጠብቃል።

ዘይት፣ ይላል በዚያች በቀጠነች ድምፁ፣ ገብቷል፣ ትላለች ረዳት፣ ሩዝ፣ ገብቷል፣ ሳሙና ስንት፣ ስድስት፣ ተቆጥሮ? ተቆጥሮ፣ መንገድ ላይ የወረደ የለም? የለም አባዬ፣ አንቺን አላምንሽም፣ ከረዳት ጋር የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ይስቃል፣ ሳቁ ሳል ይሆንበታል፣ እስኪያልፍለት ቆመን እንጠብቃለን፣ ስኳር፣ ገብቷል፣ ወተት፣ አራት።

ረዳት የስኳሩን ከረጢት ታስተካክላለች።

ሁለት ነው፣ እላለሁ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ሁለቱን ጣሳ መስኮቱ ሥር እያስቀመጥኩ፣ አልቆባቸው። ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ያንን ግድግዳ የሚያህል መደርደሪያ እሷም አይታዋለች፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ወተት ነው፣ አፏ ሲከፈት አያለሁ፣ አሁን ትለዋለች፣ ትበለው፣ ትበለውና ልገላገል፣ አዎ አባዬ፣ ትላለች፣ ሁለት ብቻ ነበር የቀረው። ዓይኗ አልተርገበገበም። ይህችን ልጅ ከዚህ በፊት ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም፣ ሁለት ጣሳ አጉድዬ አንዲት ውሸታም ልጅ ይዤ ገባሁ።

ይሄስ፣ ይላል የጫማውን ካርቶን በእስክሪብቶው እየነካ፣ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ትርፍ ጭነት ነው። ካርቶኑን ያያል፣ መስኮቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ በዝግታ፣ ፍሬን አይደል፣ ቁልቁለቱን ከሩቅ ነው የሚያየው፣ አድርጊው እስቲ ረዳት፣ ተራመጂበት፣ እስከ በሩ፣ በይ ተመለሽ፣ አውራ ጣትሽን ይነካሻል? ኧረ ትንሽ ሰፋ ይላል አባዬ። ጎሽ፣ ሰፋ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ለከርሞም ይሆንሻል።

ለከርሞ ሲል ድምፁ አልተለወጠም፣ እያዳመጥኩት ነበር፣ አልተለወጠም።

ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ያስተካክላል፣ አራቱን ሰርዞ ሁለት ይጽፋል፣ ጎኑ ላይ ጉድለት ብሎ ይጽፋል፣ ፊደሉን እያሳመረ፣ ጭነት ሲጎድል እኮ፣ ይላል ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ እኔ፣ የሚፈርመው ሾፌሩ ነው፣ ንብረት ክፍል አይጠየቅም። ይፈርማል፣ ያችን ጅራቷ ረጅም የሆነች ፊርማውን፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ በእጄ ያስይዘኛል፣ ጣቶቼን ከወረቀቱ ጋር አንድ ላይ ይጨብጣቸዋል፣ እንደዚያ እንቆያለን፣ ልጅቷ ጫማዋን እያየች፣ እኔ ምን እላለሁ፣ ይቅርታ ብለው ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምለው፣ ምን እንደሰማሁ ልነግረው ነው፣ ነግሬዋለሁ እኮ፣ በሁለት ጣሳ ነገርኩት፣ ሐኪሙ እንኳ በወረቀት ነበር የነገረኝ።

ማታ ጸሎት ላይ የዛሬን ስንል የልጄ ድምፅ ይጠፋል፣ የእኔ ብቻ ይቀራል፣ ትጠይቀኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ፣ አትጠይቀኝም፣ መልሱን ከእኔ ቀድማ ያገኘች ይመስለኛል።

ጠዋት። ውሃው ፈልቷል፣ ጣሳውን ከፍቼ ማንኪያውን አነሳለሁ፣ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ነው ልኩ፣ ቆይ ንብረት ክፍል፣ ይላል ከአልጋው፣ አንድ ተኩል ይበቃኛል፣ ምን ነካህ እንዲህማ ውሃ ነው የሚሆነው፣ ግድ የለም፣ እንቆጥብ፣ ሁለቱን ጣሳ ወር እናድርሳቸው፣ በመሐል ሱቅ እንዳትመላለሺ ነው። እንዳልመላለስ። እንደ ቀልድ ነው የሚለው፣ በእኔ ጉድለት በራሱ ጉሮሮ ሊከፍል፣ ወሩን ሊያደርስልኝ፣ ጭነት አጉድሎ የማያውቅ ሰው፣ ማንኪያው እጄ ላይ ነው፣ መስኮቱ ሥር ያሉት ሁለት ጣሳዎች ሁለት ሆነው ያዩኛል፣ አንዱ የተከፈተ፣ አንዱ ያልተከፈተ፣ ይህ ቤት ከአሁን በኋላ ሰዓት አያስፈልገውም፣ ማንም ቀና ባለ ቁጥር ስንት ቀን እንደቀረ ያየዋል፣ እሱም ያየዋል፣ ልጄም፣ እኔ ነኝ አምጥቼ ያስቀመጥኩት።

ማንኪያውን አስቀምጣለሁ። ሁለቱንም ጣሳ አነሳለሁ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ከብርድ ልብሱ ኋላ፣ እጄ እስከሚደርስበት ድረስ እገፋቸዋለሁ፣ ምን እያደረግሽ ነው ይለኛል፣ መጣሁ እለዋለሁ፣ ሹራቤን ደርቤ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ መንገዱን እሻገራለሁ።

ባለ ኪዮስኩ መዝጊያውን ገና እያነሳ ነው፣ እትዬ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች ይላል፣ ሰባት ዓመት በደጁ ሳልፍ ሰላምታዬን እንጂ ሳንቲሜን አይቶ አያውቅም፣ አንድ የዱቄት ወተት፣ ያችን ትንሿን ፓኬት፣ አንድ ብቻ? አንድ ብቻ፣ ኧረ እትዬ ጣሳው ነው የሚያዋጣዎት፣ በዚህ በትንንሹ ሲገዙ እኮ እጥፍ ነው የሚከፍሉት፣ ሻጩ እኔ ነኝ የምነግርዎት፣ አውቃለሁ ልጄ፣ የዛሬን ነው የፈለግኩት፣ ነገስ? ነገ የነገን እመጣለሁ፣ እለዋለሁ፣ ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ፓኬቷን ያቀብለኛል፣ እጅ ላይ ምንም አትከብድም፣ እንደ ደብዳቤ ናት።

ልጄ አዲሱን ጫማዋን አስራ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፓኬቷን ታያለች፣ ቁም ሣጥኑን ታያለች፣ እማዬ ምንድነው፣ የዛሬ ነው፣ እላታለሁ፣ ቦርሳዋን ታወርድና ውሃውን መልሳ ትጥዳለች። ፓኬቷን ጫፏን ቀድጄ ብርጭቆው ላይ እገለብጣታለሁ፣ ታችዋን በጣቴ እመታለሁ፣ ጥግ ጥጓ ላይ የቀረውንም አራግፋለሁ፣ ለነገ ምንም አላስቀርም፣ የፈላውን ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ እወስድለታለሁ። መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ሲያይ አየዋለሁ። ስንት ማንኪያ ነው ይሄ፣ ይለኛል። አልቆጠርኩም፣ እለዋለሁ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤለት።