የምድር ቤቷ ሬዲዮ

«ኧረ ይተዉት እትዬ፣ ወገብዎን!» አለች ቹንሚ፣ የፀጉር ቤቷን ትልቅ ወንበር ወደ ጓሮ እየጎተተች። መስተዋቶቹን ለለቅሶው ወግ በአንሶላ ሸፍናቸዋለች።

ዩዌ ልታግዛት የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ከፎቅ የወረደችው ሳሎኑን ልትለምናት ነበር። ታይናን ከተማ ውስጥ አስከሬን እስኪቀበር የሚያርፈው ምድር ቤት፣ የፊት ሳሎን ነው፤ የዚህ ቤት ሳሎን ደግሞ በውል የተከራይዋ ነው።

ሟቹ የዩዌ ባል ጂንቱ ቤቱን ሲገዛ ረከሰልኝ ብሎ ቸኮለ እንጂ ውሉን መች አነበበና! ቹንሚ ከድሮው ባለቤት ጋር የተዋዋለችው ለሃያ ዓመት፣ ኪራይ ላይጨመርባት ነው፤ ቤቱ ቢሸጥም አትነቀልም። ጠበቃ ቢያቆም፣ ውሃ ቢዘጋባት ንቅንቅ አላለችም። ሁሉም ሲያቅተው፣ ሬዲዮዋን በከፈተች ቁጥር ከፎቅ ወለሉን በከዘራው ይደበድብ ጀመር።

«ቀንሺው፣ አንቺ መዥገር!»

«ኪራዬን ከፍዬ ነው የምሰማው፣ ጋሼ!»

ለሚስቱ እንኳ ያን ያህል አያወራም ነበር።

ለቀስተኛ መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ልጅ የላቸውም። የጂንቱ ወንድም ልጅ አሃይ ለሟቹ ስንቅ እንዲሆን የሚቃጠለውን የወረቀት ገንዘብ እያጠፈ ወደ ዩዌ ጠጋ አለ።

«አክስቴ፣ ዕቃዋ እኮ ወጥቷል። ቁልፉን ቀይሪና ተገላገያት» አለ በሹክሹክታ።

ሻይ የምትቀዳው ቹንሚ ሰማችው። «ቁልፍ መቀየር አያስፈልግም። ከቀብር በኋላ እለቃለሁ። የምጣላው ሰው ከሌለ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

አሃይ ፊቱ በራ። ዩዌ አትሂጂ ልትል ፈለገች፤ ግን ባሏ እዚያው ተጋድሞ እንዴት ብላ!

ከቀብር ማግስት ቤቱ ጭር አለ። ባሏ ስንት ዓመት የተመኘው ጸጥታ ነበር፤ እሷን ግን እንቅልፍ ነሳት። ከታች ካርቶን ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ሬዲዮው ከሞቱ ቀን ጀምሮ አልተከፈተም።

ዩዌ በሩ ጥግ የተደገፈውን ከዘራ አንስታ ወለሉን መታች።

ካርቶኑ ዝም አለ። «እትዬ? ምነው? ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» ብላ ጮኸች ዩዌ። «ክፈቺው! ውልሽ መቼ አለቀ?»

ከታች የታሸገ ካርቶን ሲቀደድ ተሰማ፣ ቀጥሎም ዘፈን።

ዩዌ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ከዘራውን አቀፈችው፣ አለቀሰችም። ዘፈኑ ሲጋመስ፣ ጂንቱ ያደርግ እንደነበረው አንዴ ወለሉን መታች።

ቹንሚ ድምፁን ጨመረችው።