በፊሽካ ስም የተያዙ ኳሶች

ሰፈርተኛው «ፊሽካ» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የኳስ ዳኛ ነበር፤ ጡረታ ቢወጣም ዳኝነቱ ከላዩ አልወጣም። ሰው ሰልፍ ሲያቋርጥ ካየ እጁ ሳይታዘዝ ወደ ደረት ኪሱ፣ ቀይ ካርዱ ወደነበረበት ይሄዳል። ሳይነኩ ወድቀው የሚንፈራገጡ ተጫዋቾችን እንዴት እንደሚያውቅባቸው ለማውራት ደግሞ ሰበብ አያስፈልገውም። «ከኔ ዓይን ምን ያመልጣል?» ይላል፤ መልስ ግን አይጠብቅም።

ያ ሁሉ ሩጫ ጉልበቱ ላይ ቀርቷል። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ «ወይኔ ጉልበቴ!» የሚለው እስከ ጎረቤት ይሰማል። ካልሲውን ሚስቱ ታጠልቅለታለች፣ የጫማውን ክር ሚስቱ ታስርለታለች፣ ክሊኒክ ሲሄዱም እሱ ከፊት፣ እሷ ቦርሳውን ይዛ ከኋላ ናቸው።

የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት ወጣት ሴት ናት። ቁርጥማት ላሠቃያቸው አረጋውያን አዲስ ነገር አምጥታላቸዋለች፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጨዋታ። ትንሽ ካሜራ አለው፤ ፊቱ ቆመው ሲንቀሳቀሱ ስክሪኑ ላይ ያለው በረኛም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኳሱ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። ወደ ጎን ፈቀቅ፣ በርከክ፣ ቀና፣ ጉልበት ከፍ ሲባል ይያዛል፤ በዚያው መገጣጠሚያው ይፍታታል። የተገኘው ነጥብ በኢንተርኔት ክሊኒኩ ድረስ ይመጣል።

«አባባ፣ ማሽኑ ጥቂት ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ነው» አለችው። «የማይጫወቱበት ከሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«እንዴታ! እጫወትበታለሁ እንጂ!» አለ ፊሽካ።

ቤት ገብተው ሚስቱ ማሽኑን ሰካችው፣ መጋረጃውንም ዘጋችለት። ፊሽካ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ። ገና የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሩ መሃል ስታልፍ በሩ ተንኳኳና ጎረቤታቸው አናፂው መሰላል ሊዋስ ገባ። እጁን ሰቅሎ የቆመውን ፊሽካን፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ እንደገና ፊሽካን አየና፣ «ጋሼ፣ ምነው? ማን ማረክዎት?» አለ።

መቼም ቀልድ ነው። ፊሽካ ግን ጆሮ ግንዱ ድረስ ጋለ። አናፂው መሰላሉን ይዞ ሲወጣ ሶፋው ላይ ዘጭ አለና፣ «እኔ ሃያ ሁለት ጎረምሳ ሳዝ የኖርኩ ሰውዬ በስተርጅና የሰው መሳቂያ ልሁን?» አለ።

«ካልተጫወትክበት እኮ ይወስዱታል» አለች ሚስቱ።

«እንግዲያው አንቺ ነካ ነካ አድርጊውና ነጥቡ ይሂድላቸው። ለነሱ ማን ነው የሚነግራቸው?»

እዚህ ላይ እሱ የማያውቀውን ነገር አንባቢ ይወቀው። የሴትዮዋ ጉልበት ከሱ በፊት ጀምሮ ነው የታመመው። ከጓዳ ወደ ሳሎን ስትመጣ በር መቃኑን፣ ጠረጴዛውን፣ የወንበሩን መደገፊያ እየያዘች ነው። ግን ማን ይጠይቃት? ልጃቸው ስትደውል «አባዬ እንዴት አደረ?» ትላለች፤ እናትየው የአባትየውን ታወራለች፤ ስልኩ ይዘጋል። በዚያ ቤት የታማሚነቱ ቦታ ተይዟል፣ ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ትርፍ የለውም።

መጀመሪያ አካባቢ በአንድ እጇ ወንበር ይዛ፣ በአንድ እጇ ኳስ እየመለሰች ተጫወተች። እሱ ከኋላዋ ጋዜጣውን ዘርግቶ «ወደ ግራ! ወደ ግራ እንጂ!» እያለ ይነተርካታል። እያደር ወንበሩን ለቀቀችው። አንድ ቀን ከታችኛው መደርደሪያ ድስት ልታነሳ ቁጭ አለችና ምንም ሳትይዝ ተነሳች። ደንግጣ እዚያው ቆመች፤ ከዚያ እንደገና ቁጭ ብላ እንደገና ተነሳች። ብቻዋን ሳቀች። ለሱ ግን አልነገረችውም፤ የባሏን መድኃኒት ሰርቃ የጠጣች መሰላትና አፈረች።

ነጥቡ በፊሽካ ስም ከፍ ከፍ አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ደውላ «አባባ፣ ከሁሉም በልጠዋል እኮ!» ስትለው መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ዝም አለ። ሁለተኛ ስትደውል «እንግዲህ እንሞክራለን» አለ። በሦስተኛው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ዋናው ቁርጠኝነት ነው ልጄ» አላት። መናፈሻው ውስጥ ለጡረተኛ ጓደኞቹ ጉልበት እንዴት ከፍ እንደሚደረግ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያስተምራቸው ጀመር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተቀምጦ!

ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቷ «ለአዲስ ታማሚዎች መጥተው ያሳዩልን» ስትለው እሺ ያለው አፉ ነው፤ ሐሳቡ የደረሰው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። «አሞኛል በላት» አለች ሚስቱ። «ቃሌን ላጥፍ?» ብሎ ተቆጣ። ያውም ቃል!

የክሊኒኩ አዳራሽ ሞልቷል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተደርድረዋል። ከመሃላቸው አንዱ በወጣትነቱ አጥቂ የነበረ፣ «ጥይት» የሚባል ሰው ነው። ፊሽካ አንድ ጊዜ ሆን ብለህ ወድቀሃል ብሎ በቀይ ካርድ አስወጥቶታል።

«ጋሽ ፊሽካ!» አለ ጥይት ድዱ እስኪታይ ስቆ። «ዛሬ ደግሞ እርስዎ ይጫወቱ፣ እኛ እንዳኝ።»

ኳሱ መጣ። ፊሽካ ፈቀቅ ለማለት ሲያስብ ኳሱ መረብ ውስጥ ነበር። ሌላ መጣ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው በረኛ እንደ ተተከለ እንጨት ቆሞ አሳለፈው። ሦስተኛው ላይ በርከክ ለማለት ሞከረና ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቱ ያዘው፤ መውረድም መውጣትም አቃተው። ላብ አጠመቀው። ፊዚዮቴራፒስቷ ሮጣ ደግፋ አቃናችው።

«አባባ፣ ዛሬ አሞዎት ነው?» አለች በለሆሳስ። ልትሸፍንለት ነበር።

«አዎ» አለ ፊሽካ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ። «ትናንት ወለም ብሎኝ...»

«ኧረ ሳይነካ ነው የወደቀው!» ብሎ ጮኸ ጥይት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ፊሽካ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ቁርጭምጭሚቱን ለቀቀ፤ ምኑንም አላመመውም፣ ያመመው ጉልበቱን ነው። ልጅቷም ገባት። ፊቷ ላይ ያየው ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ያየው ግን ለሱ ማፈሯን ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ካልተጫወቱበት ማሽኑን ይመልሱልኝ፣ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ» አለችው።

«አይ፣ ልጄ፣ እባክሽ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሚስቱ ናት። ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማለች። «እሱን እንኳን አትውሰጂው።»

ፊሽካ ሚስቱ ሰው ስትለምን ሰምቶ አያውቅም። ለአንድ መጫወቻ እንደዚህ መሆኗ ግራ ገባው፤ ግን ያን ፊቷን አይቶ መዋሸት አልቻለም።

«እሷ ናት የተጫወተችው» አለ፤ ሁሉም ሰማው። «እኔ ሶፋ ላይ ነበርኩ።»

የሳቀ የለም። ልጅቷ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎንም ጉልበትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ እሷ!» አለ ፊሽካ አፉን ሞልቶ፣ ሚስቱ ከመመለሷ በፊት። «እሷ እንኳን አሟት አያውቅም።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ተንበርክካ ጉልበቷን ጨበጠች፣ ቀስ ብላ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ሌላኛውንም እንደዚያው ፈተሸች።

«ይሄ እኮ ከሳቸው የባሰ ነው» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ ሆነው ነው ያን ሁሉ ኳስ የያዙት? ይሄን ያህል ዘመን አንድ ቀን እንኳን ሳይታዩ ምን ሆነው ነው?»

«እኔ ታማሚ ከሆንኩ እሱን ማን ያመጣዋል ብዬ ነዋ» አለች ሴትዮዋ። ለማሳጣት አልነበረም። የአውቶቡስ መስመር ለጠየቃት ሰው እንደምትመልስ ነው የመለሰችው።

ጥይት እንኳን ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ፊሽካ አሁን ቢሳቅበት ይመርጥ ነበር። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ አይቶ የተረዳውን፣ እሱ ባንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ አላየውም።

ልጅቷ ማሽኑን አልወሰደችም። በሴትዮዋ ስም አዲስ ካርድ አወጣች፤ ቀጠሮም ሰጠቻት። «እርስዎም ከጎናቸው ይቁሙ፤ ለሁለት ይጫወታል» አለችው። እሺ አለ፤ ምን እንዳለችው ግን በደንብ አልሰማም።

ሲወጡ እንደ ልማዱ ከፊት መሄድ አልቻለም። ከኋላዋ ቀረ፤ ስለዚህ ከበሩ ወደ መንገዱ የሚያወርደውን ደረጃ እንዴት እንደምትወርድ አየ። ጨዋታው ቢያፍታታትም ደረጃ ገና ይከብዳታል፤ በጎን በኩል ዞራ፣ ብረቱን ይዛ፣ መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን እዚያው እደረጃው ላይ ታደርሰዋለች። ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከዚያ የሚቀጥለውን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ጉልበትሽ።»

«ፎቅ ቤት እያለን። ውሃ ሲጠፋ ከታች በጀሪካን ሳወጣ ነው የጀመረኝ። ያንተን የዳኝነት ልብስ ለማጠብ። ጥቁሩን። ለቅዳሜ ጨዋታ መድረስ ነበረበት አይደል?»

ፎቁን ሲለቁ እሱ ገና ሜዳ ላይ ይሮጥ ነበር። ልብሱን አስታወሰው። ቅዳሜ ጠዋት ሲነሳ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚያገኘው። ውሃው ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

«ና እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» አለችው ከታች። ቶሎ አልወረደም፤ ፊቷን ማየት አቅቶት እዚያው ደረጃው ላይ ቆመ።