እስኪረጋ አራት ደቂቃ

ፈይሩዝ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የላርጎ፣ የፈሳሽ ሳሙና፣ መሥሪያ ኬሚካል ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሟ ኢስማኤል ቆላ ወርዶ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ዋሻ የፈረቃ ኃላፊ ነበር። አንድ የሐምሌ ረፋድ ደወለላት።

«ፊሩ፣ ከሰሉ ከውስጥ ይጤሳል። ውሃ ብናፈስበት ሾልኮ ይወርዳል። ያ ከአንቺ የወሰድኩት ሲሊኬት ከሶዳ ጋር ሲገናኝ ይረጋል አይደል? በስንት ደቂቃ?»

«ላርጎ ልትሠራበት መስሎኝ!»

«አዎ፣ ተራራ ላጥብበት ነው። ቶሎ በይ እንጂ!»

ድብልቁ ረግቶ ከሰሉ ላይ ከተለጠፈ አየር ይከለክለዋል፤ እሳቱም ይታፈናል። ቶሎ ከረጋ ግን ወደ ዋሻው በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ፈይሩዝ ከበርሜሉ ውሃ ቀድታ፣ እሱ በነገራት ልክ ሁለቱን በጠበጠችና ሰዓት ያዘች። ብርጭቆውን ብትገለብጠው እንደ እርጎ ቆሞ ቀረ።

«አራት ደቂቃ።»

«ይበቃል፤ ቱቦውን በሦስት ያልፋል» ብሎ ዘጋው።

የደነገጠችው እጇን ስትታጠብ ነው። የበርሜሉ ውሃ ቅዝቃዜ አጥንት ይበላል። እሱ ጋ ያለው ግን ፀሐይ ያሞቀው የቆላ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ጣደችና ለብ ባለ ውሃ ደገመችው። ደቂቃ ሳይሞላ ረጋ።

ደወለች። አይገባም። ደግማ ደወለች። ደንበኛ እየጠራት መንገዱ ዳር ወጥታ ደወለች። በሰባተኛው ተነሳ። የወንድሟ ባልደረባ ሰመረ ነው።

«ኢስማኤል ስልኩን ሰጥቶኝ ገባ። ቱቦው ተደፍኖ ሊነቅለው ነው።»

«አስወጣው! በምታምናት ማርያም፣ አስወጣው!»

ሰመረ ስሙን እየጠራ ሲሮጥ ሰማች። ሌሎችም ጮኹ። ሲደርሱለት ግን ጭሱ ቀድሟቸው ነበር።

ኢስማኤል በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ አፍንጮ በር ያለው የእናቷ ቤት በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ ሰመረ ፈራ ተባ እያለ ደወለ።

«አላህ ያጽናሽ ፈይሩዝ። እሳቱ አልጠፋም፤ ወደ ዋናው ዋሻ እየሄደ ነው። በዚህ ሙቀት ሶዳውን ስንት እናድርገው?»

ጫማዋን ስትፈልግ እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዙ።

«የወንድምሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ወዴት ነው?»

«ሱቅ። ለእሱ የነገርኩት ደቂቃ ልክ አልነበረም እማዬ፤ በሞቀ ውሃ ልለካው ነው። ሌሎቹ አሁንም እዚያ ናቸው።»

እናቷ ቀሚሷን ለቀቁና፣ «ሂጂ» አሉ።