የነሐሱ ወዝ

ባሌ አምባዬ ሃያ ዓመት አትላንታ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ነዳ፤ የተረፈውን ጊዜ ለአሮጌ ሽጉጥ ሰጠ። ሦስት ነበሩት። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉባቸው፣ ባሩድና እርሳስ ተጠቅጥቆባቸው ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚደፋላቸው የጦር ሽጉጦች። «ጣውንቶቼ» እላቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ እኔን እንደነሱ ዳብሶኝ አያውቅም።

አንዷ፣ ባለ ነሐሷ፣ እጀታዋ ሥር ነሐሱ ላይ በሚስማር የተጫረ ነገር ነበረባት። አምባዬ ሁለት ዓመት በአጉሊ መነጽርና በኢንተርኔት ሲከታተለው ከርሞ ስም መሆኑን ደረሰበት። ከባርነት አምልጦ ከሰሜኖቹ ጋር የዘመተ ሰው ስም። የልጅ ልጁ ልጅ፣ ሚስ ሎረታ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት ሴት፣ እዚሁ አትላንታ ተገኙና ቅዳሜ መጥተው ሊያዩት ተቀጣጠሩ። ይህን ሁሉ ሲያወራልኝ እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። የገባኝ እንግዳ መምጣቱ ብቻ ነው።

ሰኞ ልቡን አመመውና ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ገባ። ረቡዕ ደወለልኝ።

«ደጊቱ፣ እኔ ባልወጣም አፖይንትመንቱን ካንስል እንዳታደርጊ። ባለ ነሐሷን ወልውይልኝ።»

አምባዬ የወታደር ልጅ ነው፤ ለእሱ መወልወል ማለት ዘይት የነካ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ነው። እኔ ቤት መወልወል ማለት እስኪያብለጨልጭ መፈግፈግ ነው። ስንት ዓመት ስነጫነጭበት ኖሬ፣ አሁን ልካሰው አልኩ። ከባርቤኪው ምድጃችን አመድ ዝቄ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ በሽቦ ፈገፈግኩት። ጥቁሩ ሁሉ ለቀቀ። ጭረቱ እምቢ ሲለኝ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩት። ሲጠፋልኝ ደስ አለኝና ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ከሰዓት ልጠይቀው ስሄድ የላክሁለትን ፎቶ ስልኩ ላይ በሁለት ጣቱ እያሰፋ ያያል።

«ስሙስ?» አለኝ።

«የምን ስም?»

ስልኩን ደረቱ ላይ ደፋው። ከዚያ እጄን ያዘና ሎሚው ያቃጠላቸውን ጣቶቼን አገላብጦ አየ።

«እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓርብ አረፈ።

ቅዳሜ ሚስ ሎረታ ለቀስተኛው መሀል ከተፍ አሉ። ቀጠሮውን ማን አስታውሶ። ሽጉጡን አቀበልኳቸው፤ የሠራሁትንም አልደበቅኩም። አምባዬ የስሙን ፎቶ ልኮላቸው ኖሮ፣ በፍሬም አድርገው በቦርሳቸው ይዘውታል።

«ፎቶውስ አለኝ» አሉኝ። «ቅድመ አያቴ መጻፍ የሚችለው ስሙን ብቻ ነበር። የመጣሁት እጄን ላሳርፍበት ብዬ ነው።»

አውራ ጣታቸውን ልሙጡ ነሐስ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። ከዚያ አቅፈውኝ አብረን አለቀስን። እሳቸው ለቅድመ አያታቸው፣ እኔ ለባሌ።

ሰው ሲበተን ሽጉጡን ብቻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አምባዬ «ጥቁር ወዙን አትንኩት፤ የያዘው ሰው ሁሉ እጅ እዚህ ላይ አለ» ይል እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ ሳልፈገፍገው በፊት መጨረሻ የያዘው የእሱ እጅ ነበር። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሎሚ ሎሚ ብቻ ይሸታል።